«ንስሐ ገቢ» ማን ናት? «ኤክሊፕስድ» የተሰኘው የአየርላንድ ተውኔትና የአማርኛ አቻ ቃላት

የፓትሪሽያ በርክ ብሮጋን «ኤክሊፕስድ» የተሰኘ ተውኔት እ.ኤ.አ. በ1992 በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በጎልዌይ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ቀረበ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። የተውኔቱ የመጀመሪያ ትዕይንትም የተቀመጠው በዚያው ዓመት ነው። በሕፃንነቷ ለሌላ ቤተሰብ የተሰጠች ሮዛ የምትባል ሴት ወላጅ እናቷን ፍለጋ ወደ አንድ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ትመጣለች። የምትቀበላት ኔሊ ኖራ ናት፤ ወጣትነቷንም እርጅናዋንም በዚያው ግቢ የፈጀች ሴት። ከአንድ ቅርጫት ውስጥ ፎቶግራፎችና የስም መዝገብ ይወጣሉ፤ መድረኩም ወደ 1963 ይመለሳል።

በ1963 በዚያ ማጠቢያ ውስጥ ብሪጅት፣ ማንዲ፣ ካቲና ኔሊ ኖራ ይገኛሉ። ሳይጋቡ በመውለዳቸው ከቤተሰብም ከማኅበረሰብም ተለይተው፣ ልጆቻቸውም ተወስደውባቸው፣ የሌላ ሰው ልብስ በማጠብ የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ከሕፃናት ማሳደጊያ የመጣች ጁልየት የምትባል ወጣት ትቀላቀላቸዋለች። ማንዲ በኤልቪስ ፕሪስሊ ፍቅር ትቃጠላለች፤ ጓደኞቿም ከጨርቅና ከዕቃ አስመስለው በሠሩት ኤልቪስ የይስሙላ ሠርግ ይደግሱላታል። መንትያ ሴት ልጆች ያሏት ካቲ በልብስ ቅርጫት ውስጥ ተደብቃ ለማምለጥ ስትሞክር ታፍና ትሞታለች። በመጨረሻም የበሩ ቁልፍ ከወጣቷ መነኩሲት ከሲስተር ቨርጂኒያ ወደ ብሪጅት እጅ ይሻገራል፤ ብሪጅትም ትወጣለች። ሮዛ በ1992 የምትፈልጋት እናት ይህችው ብሪጅት ናት።

ደራሲዋ የጻፉት በሩቁ የሰሙትን አይደለም። እርሳቸው ራሳቸው በ1960ዎቹ በአመክሮ ላይ ሳሉ በጎልዌይ ወደሚገኘው እንዲህ ያለ ማጠቢያ ተልከው ነበር፤ ያዩትን አይተው ገዳሙን ለቀቁ። «አመክሮ» የሚለው የአማርኛ ቃል በገዳም ለሚፈተን ጀማሪም፣ ቅጣቱን ሳይጨርስ በመልካም ጠባይ ለሚለቀቅ እስረኛም ማገልገሉ ለዚህ ታሪክ ታስቦ የተሰጠ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ ተውኔቱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ደጋግሞ አይገጥመውም። ከዚህ በታች እንደሚታየው አብዛኞቹ ቀላል የሚመስሉ አቻ ቃላት ተውኔቱ የሚከሰውን ተቋም ነፃ የሚያወጡ ናቸው። ምክንያቱም ቃላቱ በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ዘንድ ሌላ፣ ብዙ ጊዜም የተከበረ፣ ቦታ ይዘው ይገኛሉ።

ከርእሱ ቢጀመር እንኳ ችግሩ ይታያል። እንግሊዝኛው ቅጽል «በግርዶሽ የተሸፈነ» ከሚል የዘለለ ነገር አይናገርም፤ ጾታም ቁጥርም የለውም። አማርኛው ግን «የተጋረደ»፣ «የተጋረደች»፣ ወይም «የተጋረዱ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል። «የተጋረዱ» ሲባል የሴቶቹ ብዛት ይገኛል፤ ሴትነታቸው ግን ይጠፋል።

ቤት፣ መጠለያ፣ ማቆያ

በአየርላንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ዓይነት ተቋሞች አሉ። አንደኛው በማርያም መግደላዊት ስም የሚጠራው የልብስ ማጠቢያ ነው። በመንግሥት ተሰይሞ በ2013 ሪፖርቱን ያወጣው አጣሪ ኮሚቴ ከ1922 እስከ 1996 ድረስ ከ10,000 የማያንሱ ሴቶች በእነዚህ ማጠቢያዎች እንዳለፉ አረጋግጧል። የመጨረሻው ማጠቢያ በደብሊን የተዘጋው በ1996 ነው። ወደዚያ የገቡት ሁሉ ሳይጋቡ የወለዱ አልነበሩም፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተላኩ፣ ከማሳደጊያ የተዛወሩ፣ በወላጆቻቸው ወይም በቄስ እጅ የመጡ ነበሩ። ሥራው ከባድ ነበር፤ ደመወዝም አልነበረውም። ሁለተኛው «መዘር ኤንድ ቤቢ ሆም» ይባል የነበረው፣ ያላገቡ እርጉዞች የሚወልዱበትና ከልጆቻቸው ጋር ለጥቂት ወራት ወይም ለዓመታት የሚቆዩበት ተቋም ነው። በ2015 ተቋቁሞ በጥር 2021 ሪፖርቱ የታተመው ኮሚሽን 18 ተቋሞችን መርምሮ ወደ 56,000 የሚጠጉ እናቶችና ወደ 57,000 የሚጠጉ ሕፃናት በእነርሱ ውስጥ እንደነበሩ፣ ከሕፃናቱም 9,000 ያህሉ እንደሞቱ ገልጿል። ከተቋሞቹ አንዱ በጎልዌይ አውራጃ በቱዋም ከተማ ከ1925 እስከ 1961 የነበረው ነው። የአካባቢው ታሪክ አጥኚ ካትሪን ኮርለስ በዚያ የሞቱ 796 ሕፃናትን የሞት ምዝገባ አንድ በአንድ ሰብስበው የመቃብር መዝገብ ግን እንደሌላቸው አሳዩ፤ በ2017 በግቢው ከመሬት በታች የሕፃናት አፅም መገኘቱ በይፋ ተነገረ፤ ሙሉው ቁፋሮ የተጀመረው በ2025 ነው።

«ኤክሊፕስድ» የሚያሳየው የመጀመሪያውን ዓይነት ተቋም ነው፤ የሴቶቹ ሐዘን ምንጭ ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለቱንም መሰየም አለበት። ማጠቢያው ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው «ሆም» ነው።

እንግሊዝኛ «ሀውስ» እና «ሆም» ብሎ ግድግዳውን ከሙቀቱ ይለያል። የተቋሙ ስም ማታለል የሚችለውም ከዚህ ልዩነት የተነሣ ነው፤ ሙቀት የሌለበትን ስፍራ በሙቀት ስም ይጠራዋል። አማርኛ «ቤት» ብሎ ሁለቱንም ይይዛል፤ በጥምር ስም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ስሜቱን ጥሎ የተቋም ምልክት ብቻ ይሆናል። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ወህኒ ቤት፦ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ምድጃ የሚሸት የለም። «የእናቶችና የሕፃናት ቤት» ቢባል አማርኛ ሰሚው አይታለልም፤ ያልተታለለ ሰሚ ደግሞ ማታለሉን አያይም።

«መጠለያ» የሚለው ቃል ከአደጋ የሸሸን ሰው ያመለክታል፤ ተቋሙ ራሱ አደጋ ለነበረበት ሁኔታ የማይመች ነው። «ማሳደጊያ» ሕፃናቱን ብቻ ይዞ እናቶቹን ይተዋል። ከሁሉ የሚቀርበው «የእናቶች ማቆያ» ነበር፤ «ማቆየት» በራስ ፈቃድም በሌላ ሰው ግዴታም ሊሆን ይችላልና። ነገር ግን ይህ ስያሜ በኢትዮጵያ ቀድሞ ተይዟል። ከጤና ተቋም ርቀው የሚኖሩ እርጉዞች የመውለጃቸው ቀን ሲቃረብ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የሚያርፉበት ክፍል «የእናቶች ማቆያ» ይባላል፤ ብዙውን ጊዜም ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ስፍራ ነው። የአየርላንዱን ተቋም በዚህ ስም መጥራት አንባቢውን ወደ ተቃራኒው ይመራዋል።

ክርክሩ የተርጓሚዎች ብቻ አይደለም። በአየርላንድ ራሷ ከተቋሞቹ የተረፉት ሴቶችና ልጆች «ሆም» የሚለውን ቃል ሲቃወሙ ኖረዋል፤ በ2023 የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚህ ተቋሞች ዙሪያ ስለሚነገረው ቋንቋ የሠሩት ጥናትም የታተመው ይህን ቅሬታ ተከትሎ ነው። የዘመኑ የመንግሥት ሰነዶች ቋንቋ ከዚህም ይከብዳል። በ1927 የወጣ አንድ የኮሚሽን ሪፖርት ያላገቡ እናቶችን «ለመታረም የተመቹ» እና «ተስፋቸው ያነሰ» ብሎ ለሁለት ይከፍላቸው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደችው «የመጀመሪያ ጥፋተኛ» ተብላ፣ ሁለተኛ የወለደችው ከእርሷ ተለይታ ትመዘገብ ነበር። እዚህ ላይ አማርኛ ያለ ችግር ይከተላል፤ «ደጋሚ» የሚለው የወንጀል ሕግ ቃል ልክ ተገቢው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የተቋሙ ቋንቋ በግልጽ ሲጨክን ትርጉም ይቀላል፤ የሚያዳግተው ሲለሰልስ ነው።

መግደላዊትና ንስሐ

ማጠቢያዎቹ በማርያም መግደላዊት የተሰየሙት ምዕራባዊው ክርስትና እርሷን ንስሐ የገባች አመንዝራ አድርጎ ስላያት ነው። የዚህ አመለካከት መሠረት የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ በ591 ገደማ ያሰሙት ስብከት ነው፤ በዚያ ስብከት መግደላዊት፣ የአልዓዛር እኅት ማርያም እና በሉቃስ ወንጌል ስሟ ሳይጠቀስ የጌታን እግር በእንባዋ ያጠበችው ኃጢአተኛ ሴት አንድ ሆኑ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ይህን መደባለቅ ከቀን መቁጠሪያዋ ያወጣችው በ1969 ነው፤ ማለትም የተውኔቱ ታሪክ ከሚፈጸምበት ዘመን በኋላ።

በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ግን ሦስቱ ሴቶች አንድ አልሆኑም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ሽቱ ይዛ የመጣችው ኃጢአተኛ ሴት «ማርያም እንተ ዕፍረት» በሚል ስም የምትታወቅ ሲሆን መግደላዊት ሌላ ናት፤ ትንሣኤውን በመጀመሪያ ያየች፣ ለሐዋርያትም ያበሠረች። «የመግደላዊት ልብስ ማጠቢያ» የሚለውን ሐረግ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ምእመን በስሙ ውስጥ ስድብ አይታየውም፤ እንዲያውም የክብር ስም ይመስለዋል። የአየርላንድ ተመልካች ግን ገና ስሙን ሲሰማ በውስጡ ያሉትን ሴቶች ኃጢአት ሰምቷል። ተርጓሚው ስሙን ቢለውጠው ታሪክን ያዛባል፤ ቢተወው ከትርጉሙ ግማሹን ያጣል። የተሻለው መንገድ ስሙን ጠብቆ፣ በአንዱ ገጸ ባሕርይ ንግግር ውስጥ ስለ እንባዋና ስለ ሽቱው አጭር ፍንጭ ማስገባት ሳይሆን አይቀርም፤ በግርጌ ማስታወሻ መፍታት ለመድረክ አይሆንም።

በማጠቢያው ውስጥ ሴቶቹ የሚጠሩት «ፔኒተንት» በሚል ነው። መዝገበ ቃላት የሚሰጠው አቻ «ንስሐ ገቢ» ነው። በሰዋስው ረገድ የሚያከራክር የለም፤ የእንግሊዝኛውም ቃል ከላቲን የመጣ የአድራጊ ቅጽል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአጠቃቀሙ ነው። እንግሊዝኛው ከግሡ ተነጥሎ፣ በተቋሙ ውስጥ እንደ ማዕረግ ተለጥፎ፣ በየቀኑ ሲጠራ የደረቀ ቃል ሆኗል። አማርኛው ግን ግሡ በውስጡ ሕያው ነው፤ «ገባ» የሚለው ባለቤቱ በራሱ እግር መንቀሳቀሱን ይናገራል። በግእዝ ሥርዓት የተበጀው «ተነሳሒ» የሚለው ቃልም «ተ» የሚለው ቅጥያ ድርጊቱን ወደ ባለቤቱ ስለሚመልሰው ከዚህ አያመልጥም። ንስሐ ገቢ ሊያስገቡት የማይቻል ሰው ነው፤ ራሱ ነው የሚገባው።

ከግሡ በላይ ደግሞ ማኅበራዊው ግንኙነት አለ። በአማርኛ ተናጋሪው ኦርቶዶክሳዊ ማኅበረሰብ የንስሐ አባት የቤተሰብ ወዳጅ ነው፤ ቤት ይባርካል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ጠበኞችን ያስታርቃል። «የንስሐ ልጅ» መባልም ዝምድና እንጂ ውርደት አይደለም። ስለዚህ እመ ምኔቷ ቪክቶሪያ ሴቶቹን «ንስሐ ገቢዎች» ብላ ስትጠራቸው፣ የሚሰማው ሰው ሴቶቹ ወደው እንደመጡ፣ እርሷም እንደ ነፍስ መሪ እንደምታያቸው ሊረዳ ይችላል። ተውኔቱ የሚለው ግን በሩ በቁልፍ መዘጋቱን ነው።

በአሁኑ የኢትዮጵያ መንግሥታዊ አማርኛ «ፔኒተንት»ን በአሠራሩ የሚመስል አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ታራሚ» ነው። «እስረኛ» የሚለው ቀርቶ «የሕግ ታራሚ» ሲባል፣ «ወህኒ ቤት»ም «ማረሚያ ቤት» ሲሆን፣ የታሰረው ሰው ሁኔታ በመታረም ስም ተሸፈነ። «ታራሚ» የተደራጊ ባሕርይ አለው፤ አራሚ እንዳለ ያሳብቃል። የተቋም ድርቀትም አለው፤ ማንም «ታራሚ» ሲል ስለ መሻሻል አያስብም። የጎደለው ሃይማኖቱ ብቻ ነው፤ ሃይማኖቱ ከጎደለ ግን ተውኔቱ ስለ እስር ቤት የተጻፈ ተራ ድራማ ይሆናል። ሚዛኑ ሲታይ «ንስሐ ገቢ»ን በመነኮሳይያቱ አንደበት ብቻ ትቶ፣ በመዝገቡና በሥራ ድልድሉ ላይ «ታራሚ» እንዲነበብ ማድረግ ያዋጣል። ሁለቱ ቃላት በአንድ መድረክ ላይ ሲጋጩ ተመልካቹ ቢያንስ አንዱ እንደሚዋሽ ይገነዘባል።

የቤት ስም

ወደ እነዚህ ተቋሞች የገቡ ብዙ ሴቶች ስማቸው ይለወጥ ነበር። በመግቢያው ቀን የተሰጣቸው አዲስ ስም፣ ብዙውን ጊዜ የቅዱሳን ስም፣ በእንግሊዝኛ «ሀውስ ኔም» ይባላል። ቃል በቃል ቢመለስ «የቤት ስም» ይሆናል፤ ከዚህ የባሰ ትርጉምም አይገኝም። በአማርኛ «የቤት ስም» አያት ወይም እናት ልጁን በፍቅር የሚጠሩበት፣ ትምህርት ቤት የማያውቀው፣ ጎረቤትና ዘመድ ብቻ የሚያውቀው ስም ነው። እንግሊዝኛው ሰውን ከቤተሰቡ የሚነጥል ስም ሲሆን አማርኛው የቤተሰብነት ማኅተም ነው።

ስም መለወጥ በራሱም ለኢትዮጵያዊ ተመልካች እንግዳ አይደለም። ሕፃን ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይቀበላል፤ ሲመነኩስም ሌላ ስም ይጨመርለታል። ሁለቱም ስሞች ከፍ የሚያደርጉ ናቸው፤ የቀደመውንም ስም አይፍቁትም። ስለዚህ አንዲት ልጃገረድ በመድረክ ላይ የቅድስት ስም ሲሰጣት ማየት ብቻ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም የቀደመው ስሟ እንዳይጠራ መከልከሉ፣ ቆይቶም የሚፈልጋት ልጅ በማን ስም እንደሚጠይቃት አለማወቁ። የአማርኛው ትርጉም ክብደቱን ከስም መስጠቱ ወደ ስም መንሣቱ ማዛወር አለበት፤ «የተሰጣት ስም» ከማለት «ስሟን ቀምተው የተኩት» ማለት ይቀርባል።

በኢትዮጵያ የስም አወጣጥ የልጅ ሁለተኛ ስም የአባት ስም መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በአየርላንድ ሳይጋቡ የወለዱ እናቶች ልጅ በእናቱ የቤተሰብ ስም ይመዘገብና ለሌላ ቤተሰብ ሲሰጥ ያ ስም ይለወጣል። ሮዛ እናቷን የምታጣው በዚህ ሁለተኛ ለውጥ ነው። አማርኛ ተናጋሪው «የአባቷ ስም ማነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ተውኔቱ ግን አባቶቹን መድረክ ላይ አያወጣቸውም። ጥያቄው መልስ አጥቶ መቆሙ ለትርጉሙ ጉዳት አይደለም።

ሲስተር፣ እማሆይ፣ አንቺ፣ እርስዎ

በኢትዮጵያ ከተሞች «ሲስተር» ሲባል አስቀድሞ ወደ ልብ የሚመጣው ነርስ ነው። የካቶሊክ ምእመናን ቃሉን ለደናግሉም ይጠቀሙበታል፤ ሰፊው ተመልካች ግን «ሲስተር ቨርጂኒያ» ሲሰማ ነጭ ገዋን የለበሰች፣ መርፌ የምትወጋ ባለሙያ ይጠብቃል። የታሪኩ መነሻ ወሊድ በመሆኑ ስሕተቱ የበለጠ ሊያሳስት የሚችል ነው። «እማሆይ» ቢባል ደግሞ ሌላ ምስል ይመጣል። በኢትዮጵያ ብዙ ሴቶች የሚመነኩሱት አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸውን ለወግ አብቅተው ወይም ባላቸውን ቀብረው ነው፤ እማሆይ የወለደች፣ ያማጠች፣ የወላድን ነገር የምታውቅ አሮጊት ልትሆን ትችላለች። ገና በልጅነቷ ገዳም ገብታ በትዳር ሳታልፍ ሌሎችን በእናትነታቸው የምትቀጣ ሴት በዚህ ቃል ውስጥ አትገኝም። ለቨርጂኒያ «ሲስተር»ን ትቶ፣ ልብሷንና መቁጠሪያዋን ገና ከመነሻው በመድረክ ማሳየት ከሁሉ የሚቀል ይመስላል። ለቪክቶሪያ ግን «እመ ምኔት» የሚለው አሳማኝ ነው፤ «እም» የሚለው የግእዝ «እናት» በውስጡ ስላለ ልጆቻቸውን የተነጠቁት ሴቶች ሌላዋን «እናት» ብለው ለመጥራት መገደዳቸው አይጠፋም።

እስካሁን የተነሡት ችግሮች ሁሉ የስሞች ናቸው። ከእነርሱ የሚከብደው ግን በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የሚመጣው የተናጋሪና የአድማጭ ደረጃ ነው። እንግሊዝኛው «ዩ» ለሁሉም አንድ ነው፤ በተውኔቱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያከብር የሚታወቀው ከማዕረጉና ከድምፁ ነው። አማርኛ እንዲህ ሊያመልጥ አይችልም። መነኮሳይያቱ ሴቶቹን «አንቺ» ይላሉ፤ ሴቶቹ እመ ምኔቷን «እርስዎ» ይላሉ፤ እርስ በርሳቸው «አንቺ» ይባባላሉ። እስከዚህ ያለው በራሱ ይመጣል።

የሚያስጨንቀው በቨርጂኒያና በብሪጅት መካከል ያለው ነው። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው። ከገዳሙ አጥር ውጭ ቢገናኙ «አንቺ» መባባላቸው አያጠራጥርም። ብሪጅት ግን እናት ናት፤ በአማርኛ ተናጋሪው ባህል ደግሞ የወለደች ሴት ካልወለደችው እኩያዋ ዘንድ የተለየ ከበሬታ አላት፤ አራስ ስትሆን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለች የምትጎበኝ ናት። ብሪጅት ወልዳለች፤ «ማርያም ማረችሽ» ያላት ግን የለም። ስለዚህ ተርጓሚው ብሪጅትን በመጀመሪያው ክፍል ቨርጂኒያን «እርስዎ» ካስባላት የተቋሙን ሥርዓት ተቀብላለች ማለት ነው፤ ከመነሻው «አንቺ» ካስባላት ዐመፀኛነቷ ቀድሞ ይገለጣል። ተውኔቱ በብሪጅት አንደበት ውስጥ ያለውን ቁጣ ከመጀመሪያው አይደብቅም፤ ነገር ግን ቁልፉን እስክትይዝ ድረስ «እርስዎ» ማለቷን ጠብቆ በቁልፉ ትዕይንት ላይ ብቻ ወደ «አንቺ» ማሻገር እንግሊዝኛው ራሱ የሌለውን ኃይል ለአማርኛው ይሰጠዋል። ተርጓሚ ከቋንቋው የሚያተርፍባቸው ስፍራዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ይህ አንዱ ነው። በተቃራኒው፣ ቨርጂኒያ በዚያች ሰዓት ብሪጅትን «እርስዎ» ብትላት ከልክ ያለፈ፣ ለልቅሶ የሚገፋፋ ይሆናል፤ «አንቺ» ይበቃታል።

ልጁ ምን ይባል?

የአየርላንድ ሕግ ሳይጋቡ የተወለደን ልጅ «ኢሌጂቲሜት» ይለው ነበር፤ ይህ ሕጋዊ ደረጃ የተሻረው በ1987 በወጣ ሕግ ነው። በአማርኛ የተለመደው ቃል «ዲቃላ» ነው። ይሁንና «ዲቃላ» የሕግ ቃል ብቻ አይደለም፤ በዘዳግም መጽሐፍ የአማርኛ ትርጉም ከእግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ የተከለከለው በዚህ ቃል ነው፣ በመንደርም ስድብ ነው፣ በግብርና ቢሮ ግን «የተዳቀለ ዝርያ» ሲባል ምርት የሚጨምር፣ ገበሬ የሚመኘው ነገር ነው። እንግሊዝኛው ሕግ የሚጠቀምበት ቃልና ሰካራም የሚሳደብበት ቃል ሁለት ናቸው፤ አማርኛው በአንድ ያደርሳቸዋል። መዝገቡን የሚሞላ ጸሐፊ «ዲቃላ» ብሎ ቢጽፍ ተመልካቹ የግለሰብ ክፋት ያያል። የአየርላንዱ መዝገብ አስፈሪነት ግን ማንም ሳይቆጣ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ መጻፉ ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 4 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1987 መሆኑ የቁጥር አጋጣሚ ብቻ ነው። «ከጋብቻ ውጭ የተወለደ» የሚለው አገላለጽ የቢሮ ቅዝቃዜ ስላለው ለመዝገቡ የተሻለ ነው። «ዲቃላ»ን ግን ጨርሶ ማስወጣት አይገባም፤ ሴቶቹ ራሳቸው በሰሙት ስድብ ሲያላግጡ ቦታው ይገኛል።

በአይሪሽ ቋንቋ ለእንዲህ ያለ ልጅ ከሚነገሩት ስሞች አንዱ «ፖሽቸ ግሬንየ» ነው፤ ቃል በቃል «የፀሐይ ልጅ» ማለት ነው። የተውኔቱ ርእስ ግርዶሽ ከመሆኑ ጋር ሲገናኝ ስሙ ሌላ ጥልቀት ያገኛል። ከአየርላንድ ሁለት ቋንቋዎች በአንዱ ብርሃን ያለበት ስም እያለ፣ መዝገቡ የተሞላው በሌላው ነው። ለአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች አጥኚዎች ይህ ሁኔታ እንግዳ አይሆንም፤ የመንግሥት ቃልና የመንደር ቃል ስለ አንድ ሰው የተለያየ ነገር ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ታይቷል።

የልጁን መወሰድ የሚገልጸው ቃልም ሌላ ወጥመድ አለው። «ጉዲፈቻ» ከአፋን ኦሮሞ ወደ ሕግ አማርኛ የገባና በ1960 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጸና ቃል ነው። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ በሽማግሌዎችና በዘመድ ፊት የሚፈጸም፣ ልጁን ሙሉ የቤተሰብ አባል የሚያደርግ የተከበረ ሥርዓት ነው። የአየርላንዱ አሠራር በምሥጢር ላይ የቆመ ነበር። እስከ 1952 ድረስ ሕጋዊ ጉዲፈቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላም የልደት ሰነዱ ከልጁ ተደብቆ ቆየ፤ ወደ 2,000 የሚደርሱ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ ልጆቹ የልደት መረጃቸውን ያለ ገደብ የማግኘት መብት ያገኙት በ2022 በወጣ ሕግ ነው። ይህን ሁሉ «ጉዲፈቻ» ብሎ መጥራት ቃሉን ያበላሸዋል፤ ከኦሮሞው ሥርዓት የመጣውን ተመልካችም ያደናግረዋል። «ማደጎ» ጥቂት ይሻላል፤ የማደግን ነገር እንጂ የስምምነትን ነገር አያነሣምና። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስሙን ትቶ ግሡን መያዝ ነው።

ግሡም ቢሆን ምርጫ ይጠይቃል። ሮዛ በ1992 የምታነበው መዝገብ እናቶችንና ልጆችን ከቀኖቻቸው ጋር ይዘረዝራል። የተቋም እንግሊዝኛ እንዲህ ባለ ስፍራ የሚመርጠው አድራጊው የማይጠቀስበትን የተደራጊ ግሥ ነው፤ አማርኛም «ተወሰደ»፣ «ተሰጠ»፣ «ተዛወረች» ብሎ ሊከተለው ይችላል። አማርኛ ግን ሌላ መንገድም አለው፤ ባለቤቱን ሳይጠራ ግሡን በብዙ ቁጥር ማስቀመጥ። «ወሰዱት»፣ «ሰጡት»፣ «አስገቧት»። በዚህ መንገድ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሰዎች እንደሆኑ፣ ከአንድ በላይ እንደሆኑ ግን ይታወቃል። በ2021 የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርት በሴቶቹ ላይ ለደረሰው በደል ዋናው ኃላፊነት የልጆቹ አባቶችና የሴቶቹ ቤተሰቦች መሆኑን፣ መንግሥትና አብያተ ክርስቲያናትም እንደደገፉት ሲገልጽ፣ ብዙ ተራፊዎች የኃላፊነቱን አከፋፈል ተቃውመዋል። ክርክሩ «እነማን?» የሚል ነበር። በሮዛ እጅ ባለው መዝገብ ላይ የሚጻፈው «ተወሰደች» ይሁን፤ ኔሊ ኖራ ግን ገጹን ዘግታ ስትናገር «ወሰዷት» ትበል።